በፌስታል የተያዘ ትንፋሽ

ከመንገድ ተመልሳችሁ የራሳችሁን በር ስትከፍቱ፣ እዚያው ስትኖሩ ልብ ብላችሁት የማታውቁት ሽታ ተቀብሏችሁ ያውቃል? የጎረቤት ቤት ሽታ ሁልጊዜ ይታወቃል፤ የራስ ቤት ሽታ ግን ለአፍታ ብቻ ብቅ ይላል። ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ጋቢያችሁን ሰቅላችሁ ስትቀመጡ ግን የለም። ሽታው ግን አልሄደም። እዚያው ነው። አፍንጫችሁ ነው የለመደው።

ይህን ለተማሪዎቼ ማስረዳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ባስረዳሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ መካነ ሰላም ከተማ የተከራየሁበት ግቢና የግቢው ባለቤት ናቸው።

ዲፕሎማዬን ይዤ ኬሚስትሪ ለማስተማር መካነ ሰላም ስመደብ ጢሜ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር። ያደግሁት ደጎሎ ስለሆነ ብርዱም ገብሱም አዲስ አልሆነብኝም። አዲስ የሆነብኝ የራሴ ክፍል መኖሩ ነው። ጠመኔዬን በቀለም እለያለሁ፤ መጽሐፎቼን በቁመታቸው እደረድራለሁ፤ ጫማዬን አልጋዬ ሥር አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጌ አቆማለሁ። የቤቱ ባለቤት ይህን ባዩ ቁጥር ይስቃሉ።

«መምህር፣ ጫማህ ሊሰግድ ነው እንዴ የተሰለፈው?» ይሉኛል።

እሳቸው ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም እናት ነበሩ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ በዚያው ዓመት የተመለሰች ነበረች። በአጥሩ ወዲያ ማዶ ደግሞ በደብሩ ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ይኖራሉ። አጥሩ በአንድ በኩል ስለተቀደደ እሳት መጫጫሩም ወሬውም በዚያ ነው የሚያልፈው። በበዓል ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ከዚያ በቀር ለየብቻ የሆነ ነገር አላየሁም።

እማማ ስኳር ነበረባቸው። ከምግብ በፊት ጠዋት ጠዋት ልጃቸው መርፌ ትወጋቸዋለች። የመድኃኒቱን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ እንዳይሞቅ ነው። ልጃቸው ከዓረብ አገር ስትመጣ ስኳር የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ይዛላቸው ነበር። ጣት ተወግቶ ጠብታ ደም ወረቀቷ ላይ ይደረጋል፤ መሣሪያዋም ቁጥር ትናገራለች። ወረቀቶቹ ካለቁ በኋላ መሣሪያዋ ኮሞዲኖ ላይ ተቀምጣ ቀረች። መካነ ሰላም ወረቀቱ አይገኝም፤ ደሴ ሲፈለግም ወይ የለም፣ ወይ የሌላ መሣሪያ ነው። እማማ በዚህ ብዙም አላዘኑም።

«ጣቴ ወንፊት ሆኖ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ አረፈ» አሉ።

በዚያ ዓመት ረመዳንና የገና ጾም ገጠሙ። ግቢያችን በሙሉ ጾመኛ ሆነ። እማማና ልጃቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ መሪጌታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፤ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር እስከ ስድስት ሰዓት፣ ያውም የክፍል ደወል ስለሚያስረኝ ነው። መሪጌታ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ይሉና፣

«መምህር፣ ሽሮህ ሲንተከተክ እኔ ድረስ ይሰማኛል። ለኔ ባታዝን ለጎረቤቶችህ እዘን» ይላሉ።

አሥረኛ ክፍል ላይ ኬቶን የሚባሉትን ውሁዶች ማስተማር የደረሰብኝ በዚህ መካከል ነው። ኬቶን ማለት፣ ቀለል አድርጌ ልንገራችሁና፣ አንድ ዓይነት አሠራር ያላቸው ኬሚካሎች ቤተሰብ ነው። ከቤተሰቡ ትንሹ አሴቶን ይባላል። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ስሙ በር ላይ ተጽፏል እንጂ ውስጡ ጠረጴዛና የተሰነጠቀ ብርጭቆ ብቻ ነበር። ይህንን በየግምገማው እናነሳለን፤ በየግምገማው ይመዘገባል። አሴቶን ከየት ላምጣ እያልኩ ለእማማ ልጅ ሳወራት ሳቀችብኝ።

«ይህ ነው እንዴ የቸገረህ? እኔ ጋ አለ አይደል» አለችና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠርሙሷን አመጣችልኝ። እውነትም ላዩ ላይ አሴቶን ይላል።

የዚያች ጠርሙስ ነገር በቤቱ ውስጥ የታወቀ ጭቅጭቅ ነበር። ልጅቷ ጥፍሯን መቀባት ትወዳለች። ቀለም የተቀባ ጥፍር ላይ ግን ለሶላት ሲታጠቡ ውኃው አይደርስም፤ ስለዚህ ትቀባለች፣ ታስለቅቃለች፣ እንደገና ትቀባለች። ቤቱ ሁልጊዜ ያንን የሚወጋ፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚል ሽታ ይሸታል። እማማ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ይቆጣሉ። ረመዳን ሲገባ ልጅቷ ጥፍሯን ጭራሽ መቀባት ተወች፤ ጠርሙሱንም ለኔ የሰጠችኝ ለዚህ ነው። እኔም ወስጄ ቤተ ሙከራው መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ክፍል ውስጥ ጠርሙሱን ከፍቼ በየወንበሩ አዞርኩት። አንዱ «ከረሜላ ነው» አለ፤ አንዷ «የሙሽራ ጥፍር» አለች። ከኋላ የተቀመጠው ረጅሙ ልጅ ግን አፍንጫውን ከጠርሙሱ አፍ ጋር አጣብቆ ከሳበ በኋላ ምንም አልሸተተኝም አለ። ሌሎቹ አፌዙበት። እኔ ግን ተደሰትኩ፤ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አፍንጫ እንደሌለው ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም ነበር።

ከዚያ ኮሌጅ ሳለሁ የሰማሁትን ነገርኳቸው። አሴቶን በፋብሪካ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ በኛ ሰውነት ውስጥም ይሠራል። ሰውነታችን እንደ ምድጃ ነው፤ የሚያነድደው ማገዶ ስኳር ነው። ማገዶው ያለበት ቤት ግን ቁልፍ አለው። እማማ የሚወጉት መድኃኒት ያ ቁልፍ ነው። ማገዶ ቤቱ ሙሉ ሆኖ ቁልፉ የጠፋበት ሰው፣ ብርድ ሲጠናበት ምን ያደርጋል? የቤቱን ክዳን ሣር እየነቀለ ያነድዳል። ሰውነትም እንደዚያው ስቡን ማንደድ ይጀምራል። ከዚያ እሳት ከሚወጣው አንዱ አሴቶን ነው፤ ቶሎ ስለሚተን በሳንባ በኩል ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። የድሮ ሐኪሞች የበሽተኛውን አፍ አሽትተው ስኳር እንደጠናበት ያውቁ ነበር። በሬዲዮም አንድ ቀን፣ ውጭ አገር ሰው እፍ ብሎበት ያለ ደም የሚመረምር መሣሪያ ለመሥራት እየሞከሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ይህንኑ ቤት ገብቼ ለእማማ ነገርኳቸው። ማስረዳት ከጀመርኩ አላቆምም፤ እሳቸውም ያውቁታል።

«እፍ ብቻ?» አሉኝ።

«እፍ ብቻ።»

«ደሙስ?»

«ደም የለም፤ መርፌ የለም።»

«እና ያ ማሽን መካነ ሰላም መቼ ነው የሚደርሰው?»

«መጀመሪያ አስፋልቱ ይድረስ» አሉ መሪጌታ ከአጥሩ ማዶ። ሁላችንም ሳቅን።

አንድ ነገር ግን ልብ ያላልነው ነበር። ጠርሙሱ ከቤት ከወጣም በኋላ ሊያፈጥሩ የሚመጡ ጎረቤቶች ገና በር ላይ ሆነው «ይህ የዓረብ አገር ሽታ አሁንም አለ?» ይሉ ነበር። እማማ «ግድግዳው ጠጥቶታል፤ ጭቃ መቼ የጠጣውን ይለቃል» ብለው ይመልሳሉ። እኔም ልክ መሰለኝ። ሽታው ለኔ አልፎ አልፎ ነበር የሚመጣልኝ፤ ስፈልገው አላገኘውም።

እህቴ ደጎሎ ወለደች ተባለና ልጠይቃት ሄድኩ። በአይሱዙ ላይ ገብስ ከጫኑ ሰዎች ጋር ሄጄ፣ የአራሷን ገንፎ በጾሜ በሩቁ አይቼ፣ ሕፃኑን አቅፌ ቀናት ቆይቼ ተመለስኩ። መካነ ሰላም ስደርስ ቀትር አልፏል። ግቢው ጸጥ ብሏል። እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠውልጓል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ሩቅ ሮጦ እንደመጣ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ጾም በገፋ ቁጥር ሁሉም ሰው ይጠወልጋል፤ እኔም እንደዚያ ነው ያየሁት።

«እንኳን በሰላም ገባህ። እህትህ ተገላገለች?»

«ተገላገለች፤ ወንድ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። ና እስቲ፣ ጎንበስ በል፣ ዱዓ ላድርግልህ።»

በኛ አገር ከመንገድ የመጣ ሰው፣ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ፣ አራስ፣ ሙሽራ፣ ሁሉም ዱዓ ይቀበላል። ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን ይላል። እማማ ዱዓቸውን ሲጨርሱ እፍ የማለት ልማድ ነበራቸው፤ ያሉት መልካም ነገር ከትንፋሻቸው ጋር ፊት ላይ እንዲያርፍ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ፊታቸው በርከክ አልኩ። ስለ እህቴ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ደመወዜ፣ ስለማላገባበት ምክንያት ሁሉ ለመኑልኝ። አሚን፣ አሚን አልኩ። ከዚያ እፍ አሉብኝ።

ጠርሙሱ ፊቴ ላይ የተከፈተ መሰለኝ።

ያ ሽታ ራሱ ነው፤ ከረሜላ ከረሜላ የሚል፣ አፍንጫን የሚወጋ። ያለሁት ደጅ፣ ነፋስ ላይ ነው፤ የጠጣ ግድግዳ አጠገቤ የለም። እጄን ኪሴ ከተትኩ። የቤተ ሙከራው መሳቢያ ቁልፍ እዚያው ነበር፤ ደጎሎ ድረስ አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ ተመልሷል።

«ምነው ደነገጥክ?» አሉኝ።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ጾም ነው። ሆዴን ትንሽ ያመኛል። ጥሙ ነው የከበደኝ፤ ማታ ሳፈጥር እንስራ ሙሉ ብጠጣ አልረካም።»

ልጃቸው ከጓዳ ወጣች። ወደ ጎን ሳብኳትና የሸተተኝን ነገርኳት። ቆጣ አለች።

«የጾመኛ አፍ ነውኮ! በረመዳን የማን አፍ ነው የማይሸት? ይነወራል እንዴ?»

እውነቷን ነው። ጾመኛ አፉ ቢሸት በኛ አገር ማንም አፍንጫውን አይዝም፤ ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም። በኬሚስትሪም ቢሆን ተሳስታለች ማለት አልቻልኩም። ጾመኛ ማገዶው ለጊዜው ያለቀበት ሰው ነው፤ እሱም ከክዳኑ ጥቂት ሣር ይነቅላል፤ ሲያፈጥር ያቆማል። ታዲያ ይህ የጾም ሽታ ነው ወይስ የበሽታ? በግምት ብቻ ተነሥቼ አንዲትን ጾመኛ እናት ጾምዎን ይፍቱ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ ልበል? የማወዳድርበት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ሌላ ጾመኛ ያስፈልገኝ ነበር።

«መሪጌታ!» ብዬ በአጥሩ ቀዳዳ ተጣራሁ። «እህል ቀምሰዋል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ማን ይቀምሳል? ምን አሰብክልኝ?»

«ትንፋሽዎን እፈልገዋለሁ።»

እጥፍጥፍ አድርጌ የማስቀምጣቸው ንጹሕ የዳቦ ፌስታሎች ነበሩኝ። ፌስታል የራሱ ሽታ ስላለው ሦስቱን ገልብጬ ነፋስ ላይ አራገብኳቸው። ልጅቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኛለች። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው በቀዳዳው ገቡ፤ ፌስታሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«አፌን ተጉመጥምጬ እንትፍ ልበል ወይስ እንዳለ ትፈልገዋለህ?»

«ይጉመጥመጡና እንትፍ ይበሉት። ከዚያ በረጅሙ እፍ ይበሉ።»

«ስንት ዓመት ዜማ ስል ለትንፋሼ ፌስታል የያዘልኝ የለም» ብለው ነፉት። እንደ ኳስ ተወጠረ። አፉን ቋጠርኩት። እማማ ድካማቸውን ረስተው ይስቃሉ፤ እሳቸውም ተጉመጥምጠው ተፉና ነፉ፤ የሳቸው ፌስታል ግን ግማሽ ነው የሞላው። ሦስተኛውን ራሴ ነፋሁት። የማን የትኛው እንደሆነ እኔ ብቻ እንዳውቀው በቋጠሮው አለያየሁት።

ልጅቷን ከግቢው ውጪ ሄደሽ አየር ሳቢ አልኳት። ቤት ውስጥ የዋለ አፍንጫ አይታመንም። እየተነጫነጨች ወጣች፤ ከጥድ ዛፉ ሥር ቆይታ ስትመለስ ዓይኗን በሻርፗ አሰርኩት።

የመጀመሪያውን ፌስታል አፍንጫዋ ሥር ፈታሁላት።

«ሽሮ» አለች ወዲያው። «ነጭ ሽንኩርትም አለው። ይህ ጾመኛ ያንተ ነው።»

መሪጌታ «ተመስገን፣ ተመሰከረበት» አሉ።

ሁለተኛውን ፈታሁላት። ሳበች፣ አሰበች። «ይህ ጾመኛ ነው። ባዶ ሆድ ይሸታል። ሌላ ምንም የለውም።»

ሦስተኛውን ስፈታላት ራሷን ወደ ኋላ ሳበች።

«ምን ማለት ነው? ጠርሙሴን አመጣኸው እንዴ? ለማታለል ነው?»

ሻርፗን ከዓይኗ አወረደችና እጄ ላይ ያለውን ግማሽ የተነፋ ፌስታል አየች፤ ቀጥሎ እናቷን አየች። ከእናቷ ሥር ተንበረከከች።

«እማ፣ መርፌውን ትወጊያለሽ?»

ለካ በረመዳን መርፌውን የምትወጋቸው እሷ አልነበረችም። እማማ «ሌሊት ለሱሁር ምግብ ስነሣ ራሴ እወጋለሁ፣ አንቺ ተኚ» ብለዋት ነበር። አሁን ነጠላቸውን መጠቅለል ያዙ።

«እማ።»

«በጾም መርፌ ይወጋል እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «ደግሞስ ምን ያደርግልኛል? ቀኑን ሙሉ ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል? ለሚበላ ሰው ነው እንጂ መርፌው።»

ይህን ሲሉ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ንግግራቸው ምክንያት ነበረው። እኔም ባልማር እንደዚያው ነበር የማስበው። ስኳሩ ግን ከምግብ ብቻ አይመጣም፤ ጉበት የራሱን ያወጣል፤ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ ሰውነት ክዳኑን መንቀል አያቆምም። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ልጅቷ በዓይኗ አስቆመችኝ። የማስረዳት ሰዓት አልነበረም።

«ተነሺ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለቻቸው። «ውኃ ጠጪ መጀመሪያ። ያጎደልሽውን ሌላ ጊዜ ጾመሽ ቀዷውን ታወጪዋለሽ።»

«ለመግሪብ ምን ቀረ? ፀሐይዋ እኮ ዘቅዝቃለች። አፍጥሬ እሄዳለሁ። በአፍ ሽታ ጾም አይፈታም።»

«እማማ፣ ይህ የጾም ሽታ አይደለም» አልኩ።

«አንተ ልጅ ነህ፤ የማሽን ወሬ ይዘህ ነው። እስቲ አምጣው።» ፌስታሉን ከእጄ ወስደው በውስጡ የቀረውን አሸተቱ። «እኔ ምንም አልሸተተኝም።»

ሊሸታቸው አይችልም ነበር። ያን ትንፋሽ ቀንም ሌትም ይዘውት የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። ግን ይህን እንዴት አድርጌ ላሳምናቸው? የራሱን ቤት ሽታ የማያውቅ ሰው፣ አለ ቢሉት ያምናል እንዴ?

እማማ ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«መሪጌታ፣ እርስዎም ጾመኛ ነዎት። በጾም አፍዎ ይንገሩኝ፤ እውነት ይሸታል?»

መሪጌታ ሳቃቸውን ትተው ነበር። ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉ። እማማ እፍ አሉባቸው።

«ይሸታል፣ እታለም» አሉ መሪጌታ። «የኔ እንዲህ አይሸትም። ሁለታችንም ከተነሣን እህል አልቀመስንም፤ ይህ ግን ሌላ ነው። እኔ በእናንተ ሕግ አላዝም። ለታመመ ግን መተዉ እኛም ጋ አለ፣ እናንተም ጋ እንዳለ አውቃለሁ። አይዞሽ፣ አብሽሪ።»

እማማ ወደ ሰማይ አዩ፤ ከዚያ ለልጃቸው «በይ ውኃውን አምጪ» አሏት። በሁለት እጃቸው ይዘው ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። ጠጥተው ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኛም ያላየን መሰልን።

መሪጌታ ከደብሩ በቅሎ አስመጡ። እኔ ከአንድ በኩል፣ ልጅቷ ከሌላው እየደገፍናቸው ጤና ጣቢያ ደረስን። የተቀበለችን ነርስ ገና ጎንበስ ብላ ልብ ምታቸውን ስትቆጥር አፍንጫዋ ሲነቃ አየሁት። ሽንታቸውን በወረቀት ፈተነችው፤ የወረቀቱ ቀለም ወይን ጠጅ ሆነ፤ ኬቶን ሲበዛ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሌላ ነገር አልጠየቀችንም፤ ሴረም ሰቀለችና መርፌውን ጀመረች። ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷን መርፌው ከቆመ ስንት ጊዜ እንደሆነው የጠየቀቻት፤ መልሱን ሰምታ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ወደ ደሴ የምልክበትም ጊዜ አይኖረኝም ነበር» አለች።

ማግስቱን ትንፋሻቸው ረጋ አለ። የሆድ ሕመሙም ተዋቸው። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ስገባ ትራሳቸው ላይ ተደግፈው ሾርባ ይጠጡ ነበር።

«ና መምህር፣ እፍ ልበልብህ» አሉኝ።

አሉብኝ። ሾርባ ብቻ ነበር። ይህን ስነግራቸው «ወላሂ፣ ይኸውልህ ማሽኑ መካነ ሰላም ገባ» አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የመስጊዱን ሼህ አስጠርተው ጠየቁ። ሼሁም የሳቸው ሁኔታ እንደማያስጾማቸው፣ ለጎደሉት ቀናት ችግረኛ ማብላት እንደሚችሉ ነገሯቸው። እማማ የቀረውን ረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ደሃ እያበሉ አሳለፉት፤ መርፌውንም ጠዋት ጠዋት ልጃቸው መውጋት ቀጠለች። ማዘናቸውን ግን አልደበቁም። ጎረቤት ሁሉ ሲጾም ቁርስ መብላት እንደ ስርቆት ነው የሆነባቸው፤ ከጓዳ ሆነው ጀርባቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር የሚበሉት።

እኔ ደግሞ ሥራ አገኘሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቤቱ አፍንጫዬን ሳያለምደው፣ በሩ ላይ እቆማለሁ። እማማ ይወጡና እፍ ይሉብኛል። «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ዛሬ ንጹሕ ነው» እላለሁ። አንድ ሰሞን ጉንፋን ያዘኝና ምንም የማይሸተኝ ሆንኩ። «ማሽኑ ተበላሸ» ብለው በኔ ቦታ መሪጌታን ተኩ። መሪጌታ ለዜማቸው ያላቸውን ጥንቃቄ ያህል ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸትታሉ፤ ፍርዳቸውንም አሳጥረው አይሰጡም።

ይህ ግን መለኪያ አልነበረም፤ አልሸሸግኩትም። አፍንጫ የስኳሩን መጠን አይነግርም። ስኳር ከፍ ብሎ ትንፋሽ ላይ ምንም የማይታይበት ሰው ብዙ ነው። ያ ረጅሙ ተማሪዬ ደግሞ በኔ ቦታ ቢሆን ኖሮ እማማ እፍ ቢሉበት አሚን ብሎ ብቻ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ነርሷ በቀጠሮው ጣታቸውን መውጋቷ አልቀረም፤ እማማም መነጫነጩን አልተዉም። ልጅቷ በኋላ ተመልሳ ዓረብ አገር ሄደች፤ ከዚያም ወረቀቱን በሰው ስለምትልክ መሣሪያዋ እንደገና ቁጥር መናገር ጀመረች።

እኔም ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። በሄድኩበት ሁሉ፣ ደሴም ስወርድ፣ ፋርማሲ እየገባሁ እፍ የሚባልበት የስኳር መመርመሪያ መጣ ወይ እላለሁ። ባለመድኃኒቶቹ ይስቁብኛል። ገና እየተጠና ነው ይባላል። አንድ ሰው ያለ ደም፣ ያለ መርፌ፣ እንደሚጸልይ ሰው እፍ ብሎ የሚመረመርበትን ቀን ግን አሁንም በጉጉት ነው የምጠብቀው።

እስከዚያው እናንተም ሞክሩት። በጾም ቀን፣ እህል ከመቅመሳችሁ በፊት፣ አፋችሁን ተጉመጥመጡና በነፋስ የተራገበ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ በረጅሙ እፍ በሉ፤ ቋጥሩት። ሌላ ጾመኛም አስነፉ። ከዚያ አንዱን ሰው ዓይኑን ሸፍናችሁ አስፈትሹት፤ የጾም ትንፋሽ ምን እንደሚመስል በራሳችሁ አፍንጫ እወቁት። ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ እሱንም አስነፉት፤ ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከመጣ ክርክሩን ለሌላ ቀን ትታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ካልመጣም የጣቱን ምርመራ አታስቀሩበት። ብቻ ቤት ውስጥ እንደተቀመጣችሁ አታሽትቱ፤ መጀመሪያ ከደጅ ወጣ በሉ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ግቡ።